«ከተፈቀደው ፍጥነት ሳላልፍ ግራውን ብይዝ ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?»

ጥያቄው፦ «ድሬዳዋ ውስጥ ያሪስ እነዳለሁ፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ከሳቢያን ወደ ከዚራ ስመላለስ አካፋይ ባለው መንገድ ላይ ሁልጊዜ የግራውን ረድፍ ይዤ በ35 እና በ40 ነው የምሄደው። ቀኙን ባጃጅ ድንገት ስለሚቆምበት እፈራዋለሁ። ከኋላ የሚመጣው ሁሉ ክላክስ ያደርግብኛል፣ ረጅም መብራት ያበራብኛል። በቀደም አንድ ሚኒባስ በቀኝ በኩል ሊያልፈኝ ሲል የቀኝ ስፖኪዮዬን ሰበረው። የመጣው ትራፊክ ፖሊስ ‹እሱም አጥፍቷል፣ አንቺም ግራውን መዝጋት አልነበረብሽም› አለኝ። አቦ፣ ከተፈቀደው በላይ አልሄድኩ፤ ጥፋቴ ምንድን ነው? የስፖኪዮው ወጪስ የማን ነው? ደግሞ ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ከከባድ መኪና ኋላ መንፏቀቁ ሊያስቀጣኝ ይችላል?»

ምላሽ፦ ጥፋትዎ ፍጥነቱ ላይ ሳይሆን ቦታው ላይ ነው። ከተማ ውስጥ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር መሄድ ቀርፋፋነት አይደለም። ባጃጅ፣ ጋሪና እግረኛ በተቀላቀለበት የድሬዳዋ መንገድ ላይ እንዲያውም ጤነኛ ፍጥነት ነው። አገራችን ግን ቀኝ ተይዞ የሚነዳባት አገር ናት። ይህ ማለት ከአካፋዩ በስተቀኝ መሆን ብቻ አይደለም፤ በአንድ አቅጣጫ ሁለት ረድፍ ባለበትም የዘወትር ቦታዎ የቀኙ ረድፍ ነው። ግራው የሚያዘው ለምክንያት ነው፦ ለመቅደም፣ ወደ ግራ ለመታጠፍ ወይም ቀኙ ሲዘጋ ለማለፍ። ምክንያቱ ሲያበቃ ወደ ቀኝ ይመለሳሉ። እርስዎ ግን ከመነሻ እስከ መድረሻ እዚያው ነዎት።

«ከተፈቀደው በላይ አልሄድኩም» የሚለው መከራከሪያ ለዚህ ጉዳይ አይሠራም። የፍጥነት ወሰን አንድ ግዴታ ነው፣ የረድፍ አያያዝ ሌላ ግዴታ ነው፤ አንዱን ማክበር ከሌላው ነፃ አያወጣም። ልክ ወሰኑ ላይ ሆነው ቢነዱ እንኳ መልሱ አይቀየርም። የመኪና ፍጥነት መለኪያ ብዙውን ጊዜ ከእውነተኛው ፍጥነት ጥቂት ከፍ አድርጎ ነው የሚያሳየው፤ ፋብሪካዎች ዝቅ አድርጎ እንዳያሳይ ስለሚጠነቀቁ ሆን ብለው እንዲያ ይሠሩታል። መለኪያዎ 60 ሲል መኪናዋ 56 ወይም 57 ላይ ልትሆን ትችላለች። ከኋላዎ ያለው ሕጉን ሳይጥስ ሊቀድምዎ ይችላል ማለት ነው። ቢጥስም እሱን የመቅጣት ሥልጣን የትራፊክ ፖሊስ እንጂ የእርስዎ አይደለም። ግራውን ዘግቶ ሌላውን «ሥርዓት ማስያዝ» ብዙ ጥንቁቅ አሽከርካሪዎች የሚወድቁበት ስህተት ነው፤ ውጤቱም ሥርዓት ሳይሆን በቀኝ የሚሾልክ ሚኒባስ ነው።

ክላክስ የሚያደርጉብዎት ደግሞ የራሳቸው የተሳሳተ እምነት አላቸው። የግራው ረድፍ «የፈጣኖች መንገድ» አይደለም። ምልክት ለይቶ ካልደነገገ በቀር የፍጥነት ወሰኑ በሁለቱም ረድፎች አንድ ነው፤ በግራ የሚቀድምም ሰው ወሰኑን የማለፍ ፈቃድ አያገኝም። ረጅም መብራት ከኋላ እያበሩ፣ ሁለት ሜትር ድረስ ተጠግተው መግፋትም ጥፋት ነው። በ60 የሚሄድ መኪና በሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። የነቃ አሽከርካሪ እንኳ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ ያ 25 ሜትር ነው። ሁለት ሜትር ላይ ተለጥፎ የሚነዳ ሰው የሚተማመነው እርስዎ ፍሬን እንደማይዙ ብቻ ነው። ስለዚህ ሲገፉዎት አይፍጠኑ፣ ለማስፈራራትም ፍሬን አይንኩ። የቀኝ ፍሬቻ አብርተው ክፍት ቦታ ሲያገኙ ይልቀቁላቸው።

በግራ ዝግ ብሎ መሄድ ለምን አደገኛ እንደሆነ በግልጽ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ነገሩን የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ያደርገዋል። ከኋላ የሚመጣው በቀኝ እንዲያልፍ ይገደዳል። የእኛ መኪኖች መሪያቸው በግራ ስለሆነ የአሽከርካሪው ትልቁ የማይታይ ቦታ በቀኝ ጎን ከኋላ በኩል ነው። የሚቀድምዎ ሰው ለጥቂት ሰከንድ ለእርስዎ እዚያ ይጠፋል፤ እሱም በበኩሉ ከፊቱ የቆመ ባጃጅ ሲያይ ወደ እርስዎ ይገፋል። የእርስዎ ስፖኪዮ የተሰበረው በዚህ መንገድ ሳይሆን አይቀርም። ከዚህ የከፋው እግረኛው ላይ የሚደርሰው ነው። ከአካፋዩ በኩል የሚሻገር ሰው እርስዎ በዝግታ ሲመጡ ያይና «ቆመችልኝ» ብሎ ከፊትዎ ይገባል። የእርስዎ መኪና ከልሎት በቀኝ በኩል በ60 የሚሾልከውን ሚኒባስ አያየውም፤ ሚኒባሱም እሱን አያየውም። ሁለቱ የሚተያዩት የመኪናዎ አፍንጫ ጋ ነው፤ በዚያ ርቀት ላይ ፍሬን የሚያድነው ሰው የለም።

ሕጉን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ። ብዙ አሽከርካሪ የሚያውቀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208/2003 ከወጣ በኋላ የትራፊክ ደንቡ ተሻሽሏል፤ የጥፋት እርከኑና የገንዘቡ መጠንም ተለዋውጧል። የማሠልጠኛ ተቋም ውስጥ ሲባዛ የኖረ አሮጌ የቅጣት ሰንጠረዥ ይዘው ከትራፊክ ፖሊስ ጋር አይሟገቱ። የክስ ወረቀት ከተሰጠዎት የተጠቀሰውን ጥፋትና አንቀጽ ያንብቡ፤ መቃወሚያ ካለዎት በዚያ ላይ ተመሥርተው ያቅርቡ። ቀኝ የመያዙ ግዴታ ግን የእኛ አገር ፈጠራ አይደለም። በ1968 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተፈረመው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት አሽከርካሪ ወደ ሚነዳበት ጠርዝ እንዲጠጋ ይላል፤ ያለ በቂ ምክንያት እጅግ ዝግ ብሎ የሌሎችን ጉዞ ማደናቀፍንም ይከለክላል። ጀርመን አገር አውራ ጎዳና ላይ ሳይቀድሙ ግራውን ይዞ መቆየት ያስቀጣል፣ በቀኝ መቅደምም እንዲሁ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶችም ከሌላው ትራፊክ ቀስ ብሎ የሚሄድ ቀኙን እንዲይዝ ይገደዳል። እንግሊዝና ኬንያ ግን ግራ ተይዞ ስለሚነዳ ነገሩ ይገለበጣል። ከዚያ የመጣ ዘመድ «የሚቀደመው በቀኝ ነው» ቢልዎ ለአገሩ ልክ ነው፣ ለድሬ ግን አይሠራም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ፍርሃትዎ እንምጣ። የቀኙን ረድፍ የሸሹት በምክንያት ነው። ባጃጅ ሰው ለመጫን ሳያስጠነቅቅ ይቆማል፣ ጋሪ ይሄድበታል፣ ሱቅ ደጃፍ የቆመ መኪና በሩን ይከፍታል። ዝናብ ከዘነበ ማግስትም ጎርፍ ያመጣው አሸዋ የሚከማቸው በቀኙ ጠርዝ ነው። ግን ቀኙን በትክክል መንዳት የሚለመድ ሙያ ነው፤ ግራውን መያዝ የዚህ ምትክ አይሆንም።

ባጃጅን በሚመለከት ዋናው ነገር ርቀት ነው። ከፊትዎ ካለው ባጃጅ ሦስት ሰከንድ ይራቁ፤ በ40 ይህ ወደ 33 ሜትር ነው። አለካኩ ቀላል ነው፤ ባጃጁ አንድን የመብራት ምሰሶ ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት፣ አንድ ሺህ ሦስት» ብለው ይቁጠሩ። ቆጥረው ሳይጨርሱ ምሰሶው ጋ ከደረሱ ቀርበዋል። ከዚያ ዓይንዎን ባጃጁ ፍሬቻ ላይ ሳይሆን መንገድ ዳር ያለው ሰው ላይ ያድርጉ። የባጃጅ ሾፌር የሚያየው እዚያ ነው፤ እጁን ያነሳ ሰው ካለ ባጃጁ እንደሚቆም ፍሬቻው ሳይነግርዎ ያውቁታል። የፊት ጎማው አንድ ስለሆነና መሪው ስለሚጠመዘዝ ባጃጅ ቦታ ሳያባክን ይዞራል። ባዶ ሆኖ ከጠርዙ አጠገብ ዝግ ብሎ የሚሄድ፣ ሾፌሩም ወደ ግራ ትከሻው ዞር ዞር የሚል ከሆነ አካፋዩ ክፍት የሆነበት ቦታ ላይ ለመዞር እያሰበ ነው፤ በአጠገቡ አይለፉ፣ ይጠብቁት።

የቆመ ባጃጅ ወይም መኪና ከፊት ካዩ ውሳኔዎን ከ60 እና ከ70 ሜትር ላይ ይጨርሱ። ግራው ክፍት ከሆነ በጊዜ ይግቡ። ካልሆነ ፍጥነትዎን ወደ 20 አውርደው ከኋላው ይጠብቁ፤ የሚያጡት ጥቂት ሰከንድ ነው። እስከ አፍንጫው ተጠግቶ በመጨረሻዋ ቅጽበት ወደ ግራ መስበር ግን አደጋ የሚፈጠርበት ዋናው ስልት ነው። ከቆመ መኪና ጎን ሲያልፉ ለበሩ የሚበቃ አንድ ሜትር፣ ከእግረኛና ከብስክሌት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይራቁ። የቆሙት ተደጋጋሚ ከሆኑ ደግሞ በእያንዳንዱ መሃል መግባትና መውጣት አያስፈልግም። ለዚህ የምመክረው መለኪያ አለ፤ የሕግ ቁጥር ሳይሆን የልምድ ቁጥር ነው። ቀጣዩ መሰናክል ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ባነሰ ርቀት ላይ ከሆነ፣ ማለትም በ40 ከ130 ሜትር በታች ከሆነ፣ በግራው ይቀጥሉ። ከዚያ በላይ ክፍት ከሆነ ወደ ቀኝ ይመለሱ። አሸዋ ሰፈር አካባቢ ገበያው በደራበት ሰዓት በዚህ ስሌት ረጅም ጊዜ ግራ ላይ ሊቆዩ ይችላሉ፤ ያ ምክንያት ያለው ግራ ስለሆነ አያሳስብዎት። ሁለቱም ረድፍ ሞልቶ በተጨናነቀ መንገድም የትኛውም ረድፍ ላይ ቢሆኑ ግራውን ዘጋ የሚልዎ የለም።

ወደ ቀኝ ሲመለሱ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ የውስጡን መስታወት፣ ቀጥሎ የቀኝ ስፖኪዮውን ያያሉ። ከዚያ ፍሬቻ ያበራሉ፤ ሦስት ጊዜ ብልጭ እስኪል ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ቀኝ ትከሻዎን በፍጥነት ገልመጥ አድርገው ያያሉ፣ ምክንያቱም ባጃጅና ሞተር ሳይክል ሙሉ በሙሉ የሚደበቁት እዚያ ነው። የቀደሙት መኪና ሁለቱም የፊት መብራቶቹ በውስጡ መስታወት ሲታዩዎት በቂ ርቀት ወስደዋል ማለት ነው፤ ያኔ መሪውን ቀስ አድርገው ያስገባሉ። ፍሬን እየያዙ ወደ ቀኝ አይግቡ። ፍሬቻ ማብራት ቅድሚያ እንደማይሰጥም ያስታውሱ፤ ፍላጎትን ይናገራል እንጂ መንገድ አያስከፍትም።

የሰበሩብዎትን ስፖኪዮ ሲያስጠግኑ አንድ ነገር ያስተውሉ። መስታወት ቆራጭ ዘንድ በርካሽ የሚገጠመው ብዙውን ጊዜ ዝርግ መስታወት ነው። የፋብሪካው የቀኝ መስታወት ግን በአብዛኛው ጎበጥ ያለ ነው። ነገሮችን አሳንሶና አርቆ ያሳያል፣ በምትኩ ብዙ ቦታ ይሰበስባል። ዝርጉን ካስገጠሙ ምስሉ ቆንጆ ሆኖ የሚያዩት ስፋት ግን ይጠባል፤ ያ ባጃጅ ከሚደበቅበት ቦታ ላይ የሚቀነስ ነው። ያገለገለም ቢሆን ኦሪጅናሉን ይግዙ።

ወደ ግራ ሲታጠፉ ነገሩ ይለወጣል። ወደ ግራ ከመታጠፍዎ 150 ሜትር ያህል አስቀድመው ግራውን ይያዙ፣ ፍሬቻዎ በርቶ ይቆይ። በዚህ ሁኔታ ሳሉ ከኋላ ያለው በቀኝ ቢያልፍዎ ሕጋዊ ነው። በአደባባይ ላይም እንዲሁ። ወደ ቀኝ የሚወጣ ቀኙን ይዞ ይገባል፤ ወደ ግራ የሚታጠፍ ወይም ዞሮ የሚመለስ ግራውን ይዞ ገብቶ፣ ከመውጫው በፊት የቀኝ ፍሬቻ አብርቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ቅድሚያ የሚሰጠው አስቀድሞ አደባባዩ ውስጥ ላለው ነው። አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ ግራውን ይዞ መሄድ ግን ምንም ዓይነት መብት አይሰጥም። እንዲያውም የመታጠፊያ ምልክትዎን ስለሚያጠፋው ከኋላ ያለው ወዴት እንደሚሄዱ አያውቅም።

የስፖኪዮውን ወጪ በሚመለከት፣ ትራፊክ ፖሊሱ «እሱም አንቺም» ማለቱ የዘፈቀደ አነጋገር አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል፤ ባለቤቶቹም ከጠቅላላው ጉዳት ግማሽ ግማሹን ይሸከማሉ። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ነው። በእርስዎ ጉዳይ ጠባብ ቦታ ውስጥ በቀኝ የሾለከው ሚኒባስ ዋናው ጥፋተኛ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፣ እኔም ክርክሩ ያስኬዳል እላለሁ። ግን ያለ ምክንያት ግራውን መያዝዎ ክርክሩን ያዳክመዋል። ቀኝዎን ይዘው ሲሄዱ በግራ የመጣ ቢገጭዎት ኖሮ ክርክርዎ ይበልጥ በጠነከረ ነበር።

ክርክሩ የሚወሰነው በማስረጃ ነው፣ ማስረጃው ደግሞ መንገድ ላይ ያለው ነው። የተጎዳ ሰው ከሌለ መኪናዋን ከማንቀሳቀስዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፦ የረድፉን መስመርና ሁለቱንም መኪኖች አንድ ላይ የሚያሳይ ከሩቅ፣ የተሰበረው መስታወት አስፋልቱ ላይ የወደቀበትን ቦታ፣ የጭረቱን ከፍታ በሁለቱም መኪኖች ላይ፣ ሰሌዳውን። ይህ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የተጎዳ ሰው ካለ ግን ቅድሚያው ለሰውየው ነው፤ መኪናዎቹም ትራፊክ ፖሊስ ሳይመጣ አይነሱ። ሦስተኛ ወገን መድን የራስዎን መኪና አያስጠግንም፤ ሙሉ ሽፋን ካለዎትም ለአንድ ስፖኪዮ ተቀናሹ፣ ማለትም ከራስዎ ኪስ የሚከፍሉት ድርሻ፣ ከጥገናው ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል ውሉን አይተው ይወስኑ።

ወደ ሐረር መንገድ ስንመጣ መጀመሪያ የሚስተካከለው አንድ ግንዛቤ አለ። ድሬዳዋን ለቀው ወደ ደንገጎ ሲወጡ መንገዱ በየአቅጣጫው አንድ ረድፍ በሆነበት ሁሉ «የግራ ረድፍ» የሚባል ነገር የለም። ከመሃሉ መስመር በግራ ያለው የሚመጣው ሰው መንገድ ነው። በዝግታ መውጣት እዚያ ላይ ጥፋት አይደለም። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ደንገጎ ላይ 2,000 ሜትር ግድም ይደርሳሉ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። የተጫነ ተሳቢ በዚያ ዳገት በ20 ቢወጣ ከዚያ በላይ ስለማይችል ነው። እርስዎም ከኋላው ቢከተሉ ማንም አይቀጣዎትም።

የሚያስቀጣውና የሚገድለው ትዕግሥት አጥቶ መቅደም ነው። ስሌቱን እንይ። 18 ሜትር የሚረዝም ተሳቢ በ20 እየወጣ ነው እንበል፣ እርስዎ በ45 ሊቀድሙት ነው። ከኋላው 25 ሜትር፣ የእሱ ርዝመት፣ የእርስዎ መኪና፣ ከፊቱ ተመልሶ ለመግባት ሌላ 25 ሜትር፤ ድምሩ 73 ሜትር ያህል። የፍጥነት ልዩነታችሁ በሰከንድ 7 ሜትር ስለሆነ ከአሥር ሰከንድ በላይ በሰው መንገድ ላይ ይቆያሉ። በዚያ ጊዜ እርስዎ 130 ሜትር ይሄዳሉ፣ ከላይ በ60 የሚወርድ መኪና ደግሞ 175 ሜትር ይመጣል። በትንሹ 300 ሜትር ባዶና የሚታይ መንገድ ያስፈልግዎታል ማለት ነው። ይህም መቅደሙን ሲጀምሩ አስቀድመው 45 ላይ ከደረሱ ነው፤ ከ20 ተነሥቶ በዳገት ፍጥነት ለመጨመር የሚፈጀው ጊዜ ሲታከልበት ቁጥሩ ያድጋል። በደንገጎ ጥምዝ ላይ 300 ሜትር ቀጥ ብሎ የሚታይ ቦታ ምን ያህል እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ዳገቱ ላይ አይቅደሙ፤ መንገዱ ከፍ ብሎ ቀጥ እስኪል ይጠብቁ።

ያልተቆራረጠ መስመር፣ ጥምዝ፣ የዳገት አናትና ድልድይ ላይ መቅደም ተራ የቅጣት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልዎት። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ግልጽ የሆነን ደንብ ሆን ብሎ ጥሶ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ሰው ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል።

የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚሰጡትን ምልክትም በልኩ ይውሰዱት። ቀኝ ፍሬቻ አብርቶ «ክፍት ነው፣ እለፍ»፣ ግራ አብርቶ «ይመጣል፣ ቆይ» የሚል ልማድ አለ። በቀና ልብ የሚደረግ ነው፣ ግን ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። የግራ ፍሬቻው ሊታጠፍ ነው ማለት ሊሆን ይችላል፣ የቀኙም ዳር ሊይዝና ሊቆም ነው። እሱ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ መንገዱን ያያል፣ የእርስዎን መኪና ጉልበት ግን አያውቅም። ምልክቱ ዓይንዎን አይተካም። ከኋላው ሲከተሉም የሾፌሩ ስፖኪዮ እስኪታይዎት ድረስ ይራቁ፤ ስፖኪዮውን ካላዩት እሱም አያይዎትም። ዳገት ላይ ከቆመ ደግሞ የኋላ ጎማዎቹ አስፋልት ሲነኩ እስኪታይዎት ርቀው ይቁሙ፣ ማርሽ ሲቀይር ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል። የእርስዎ መኪና ራሷ ዳገቱን አቅቷት ከኋላ ሰልፍ ካበጀች፣ ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኙ ዳር ይዘው ሰልፉን ያሳልፉ።

ቁልቁለቱ ላይ ነገሩ ይብሳል። ከሐረር ሲመለሱ ከፊትዎ በ25 የሚወርድ የተጫነ መኪና ቢያዩ ክላክስ አያድርጉበት። በከባድ ማርሽ፣ በሞተር ጉልበት ራሱን ይዞ ነው የሚወርደው። ፍሬን እየረገጠ ቢፈጥን የፍሬን ሸራው ይግላል፣ የጋለ ሸራ ደግሞ መያዝ ያቆማል። የሚቃጠል ሸራ ሽታ ከሸተተዎት ይራቁ፣ ከፊቱም አይግቡ። እርስዎም በወጡበት ማርሽ ይውረዱ፤ ዳገቱን በሁለተኛ ከወጡት በሁለተኛ ይወርዱታል። ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚበር አይሱዙ ከኋላ ከመጣብዎት አይሽቀዳደሙ፤ ቀኝዎን ይዘው ፍጥነትዎን ሳይጨምሩ ያሳልፉት። በታኅሣሥና በሐምሌ 19፣ የቁልቢ ገብርኤል ተጓዥ በሚበዛባቸው ቀናት ዋዜማና ማግስት፣ በዚያ መስመር ላይ መቅደምን ከናካቴው ይርሱት።

ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ደወሌ የሚወስደው የክፍያ መንገድም ሲያሳስት ይታያል። ገንዘብ ስለሚከፈልበት ብቻ ፈጣን መንገድ የሚመስላቸው አሉ። በየአቅጣጫው አንድ ረድፍ ነው፣ ግመልና ፍየልም ይሻገሩታል። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ ግን በየአቅጣጫው ሦስት ረድፍ አለው፤ እዚያ በ60 ግራውን ይዞ መገኘት ከተማ ውስጥ ከሚያደርጉት የከፋ ነው። በ120 የሚመጣ መኪና በእናንተ መካከል ያለውን 100 ሜትር በስድስት ሰከንድ ይጨርሰዋል። በዚያ መንገድ በልምድ ማነስ ዝግ ብለው ለመሄድ ካሰቡ ከቀኙ ረድፍ አይውጡ።

ደንገጎ ላይ ሞተሩ ከጋለ በዝግታ እየጎተቱ አይቀጥሉ። የቀኙን ዳር ይያዙ፣ አራቱንም ፍሬቻ ያብሩ፤ ከጥምዝ በኋላ ከቆሙ ማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኑን ከጥምዙ በፊት አርቀው ያስቀምጡ፣ አለዚያ የሚመጣው ሰው የሚያየው እርስዎን ከገጨ በኋላ ነው። የራዲያተሩን ክዳን ትኩስ እያለ አይክፈቱ፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ያብርዱ። ከጎማ ሥር ያደረጉትንና ለምልክት ያስቀመጡትን ድንጋይ ሲነሱ ከአስፋልቱ ላይ ያንሱት፤ ማታ ለሚመጣ ሞተረኛ ያ ድንጋይ ከቆመ መኪና አይተናነስም።